የሄዱትና የቀሩት



ባለፈው ወር በውይይት ምሽታችን የተገኛችሁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ የዕለቱ ርዕስ «ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ አገሩ የማይመለስ ምሁር ምን ይባላል?» የሚል ነበር። ሦስተኛው ተናጋሪ እኔ ነበርኩ። ድኻው ገበሬ በከፈለው ግብር ፊደል ቆጥሮ፣ እዚህ ድረስ መጥቶ ተምሮ፣ ሲያበቃ ዲፕሎማውን ለባዕድ የሚሸጥ ሰው አንድ ስም ብቻ አለው፤ እርሱም «ከሃዲ» ነው ብዬ ተናገርኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ። እኔም ጭብጨባው ሞቅ ቢያደርገኝ ቃሉን ደገምኩት። ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ወንድማችን፣ ዘንድሮ የመሐንዲስነት ትምህርቱን ጨርሶ በውጭ አገር ሥራ እንዳገኘ ሁላችንም የምናውቀው ልጅ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። እኔም አልተከተልኩትም።

እነሆ ይህ ጽሑፍ ግለ ሒስ ነው። ትምህርቱን ያገኘሁት ግን ካልጠበቅሁት ሥፍራ፣ ማለት ከካናዳ ዘፋኞች ታሪክ በመሆኑ፣ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። (ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በማደሪያችን ከእኔ ክፍል ቀጥሎ የሚኖረው ልጅ ዐረብኛ ሊማር የመጣ ካናዳዊ ነው። አገሩ ዊኒፔግ የምትባል፣ በካናዳ መካከል በሜዳው ላይ የተዘረጋች፣ ብርዷ የከፋ ከተማ ናት። ከስብሰባው ማግሥት ቡና አፍልቼ ጠራሁትና የማታውን ክርክር እንደ ጀብዱ አድርጌ አወራሁለት። ጥቂት ሳቀና «ይህ እኮ የእኛም ክርክር ነው፤ እኛ ግን የተከራከርነው በዘፋኞች ነው» አለኝ። ከዚያም ቶም ኮነርስ ስለሚባል ሰው ይነግረኝ ጀመር።

ቶም ኮነርስ በ1936 ተወልዶ ከእናቱ ተነጥሎ በሰው ቤት ያደገ፣ ገና በልጅነቱ ጠፍቶ ጊታሩን አንግቶ መኪና እየለመነ ካናዳን ከዳር እስከ ዳር ያካለለ ሰው ነው። በ1964 ቲሚንስ በምትባል የማዕድን ከተማ ወደ አንድ ሆቴል ገብቶ ቢራ ቢያዝ አምስት ሳንቲም ጎደለው። አሳላፊው ከዘፈንክ ቢራውን ትጠጣለህ አለው፤ እርሱም ዘፈነና በዚያው ሆቴል ዐሥራ አራት ወር ቆየ። ሲዘፍን በቡት ጫማው ወለሉን ይደበድብ ስለነበረ «ስቶምፒንግ ቶም» የሚል ስም ወጣለት፤ ምንጣፍ እንዳይቀድበት ከእግሩ ሥር ጣውላ ያነጥፍ ነበር። የዘፈነውም ስለ ድንች ጫኝ ሾፌሮች፣ ስለ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ ስለ ትናንሽ ከተሞች ነው። አገሩም ወደደው፤ ጁኖ የተባለውን የካናዳ ታላቅ የሙዚቃ ሽልማት ስድስት ጊዜ ተሸለመ።

በ1978 ግን ስድስቱንም ሽልማቶች ለሰጪዎቹ መለሰ። ምክንያቱም ሽልማቱ አገራቸውን ትተው አሜሪካ ለሚኖሩና እዚያ ለሚሠሩ ዘፋኞች መሰጠቱ ስላስቆጣው ነው። ድንበር ዘላዮች ይላቸው ነበር። ከዚያም ለዐሥር ዓመት ያህል ከመድረክ ራቀ።

ይህን ስሰማ ልቤ ሞላ። «የእኔ ሰው ይህ ነው! በአዳራሻችን ቢገኝ ኖሮ ሁለተኛው ተናጋሪ እርሱ ይሆን ነበር» አልኩ። ጎረቤቴ ግን ቡናውን አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «የሄዱትስ ለምን እንደሄዱ ታውቃለህ?» እኔም አላውቅም ነበር። ካለማወቅ የሚመጣ ድፍረት ደግሞ ምን እንደሚመስል ከባለፈው ወር ንግግሬ አይታችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካናዳ በመሬት ስፋት ከዓለም ሁለተኛ ናት፤ በሕዝብ ብዛት ግን በ1970 አካባቢ አንድ ካናዳዊ ሲቆጠር ከድንበሩ ማዶ ወደ ዐሥር የሚጠጉ አሜሪካውያን ይቆጠሩ ነበር። አብዛኛው ካናዳዊ የሚኖረው በዚያው በደቡቡ ድንበር አጠገብ ነው። ቋንቋውም፣ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ከኪቤክ በስተቀር፣ አንድ ነው። ስለዚህ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሸክላ ያለ ከልካይ ይገባል። የካናዳ ራዲዮ ጣቢያዎችም ውጭ አገር ስሙ ያልተጠራውን የአገር ልጅ ሸክላ ማጫወት እንደ ኪሣራ ይቆጥሩት ነበር።

የዊኒፔግ ልጆች ምን እንዳጋጠማቸው እንይ። በ1965 «ቻድ አለንና ኤክስፕሬሽንስ» የተባለ ባንድ አንድ ዘፈን ቀረጸ። አሳታሚው ኩባንያ የካናዳ ልጆች መሆናቸው ከታወቀ ማንም እንደማያጫውተው ስለሚያውቅ፣ የባንዱን ስም ደብቆ በሸክላው ላይ «ጌስ ሁ?» ብሎ ጻፈበት፤ ትርጉሙ «እስቲ ማን ነው?» ማለት ነው። የራዲዮ ሰዎች ከእንግሊዝ የመጡ መሰላቸው። ሸክላው በካናዳ አንደኛ ወጣ። ልጆቹም ከዚያ ወዲያ የራሳቸው ስም ተረስቶ «ጌስ ሁ» ተብለው ቀሩ። እስቲ አስቡት፤ በአባቱ ቤት ለመግባት እንግዳ መምሰል የነበረበት ልጅ ይህ ነው። በ1970 «አሜሪካን ዉማን» የተባለው ዘፈናቸው በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ይህን ዘፈን ሙዚቀኞቹ ራሳቸው እንደሚተርኩት፣ በመድረክ ላይ የጊታር ክር ተበጥሶ ሲጠግኑ በዚያው የተፈጠረ ነው።

ኒል ያንግም በዊኒፔግ ያደገ ነው። በ1966 ከአንድ ካናዳዊ ጓደኛው ጋር አሮጌ የሬሳ መኪና እየነዳ፣ የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው፣ ሎስ አንጀለስ ገባ። እዚያ በመኪና መጨናነቅ መሐል ቀድሞ የሚያውቃቸውን ሙዚቀኞች አገኘና «ባፋሎ ስፕሪንግፊልድ» የተባለውን ባንድ አብሮ አቋቋመ። ወረቀት ሳይኖር በሰው አገር መሥራት ምን እንደሆነ በዚህች ከተማ ላለን ማስረዳት አያስፈልግም። ጆኒ ሚቸል በአልበርታ ተወልዳ በሳስካቱን ያደገች ናት። በዘጠኝ ዓመቷ በፖሊዮ ታማ ግራ እጇ ስለደከመ የጊታሩን ክሮች በራሷ ዘዴ እየቃኘች መጫወት ተማረች። በቶሮንቶ ቡና ቤቶች ስትዘፍን ቆይታ በ1965 ወደ አሜሪካ ተሻገረች። «ብሉ» የተባለው የ1971 ሥራዋ እስከ ዛሬ ከዘመኑ ታላላቅ ሸክላዎች ይቆጠራል።

«ዘ ባንድ» የተባሉት ደግሞ አምስት ነበሩ፤ አራቱ የኦንታሪዮ ልጆች፣ አንዱ የአርካንሶ አሜሪካዊ። ከእነርሱ ውስጥ ጋርዝ ሀድሰን ትምህርት ያለው ሙዚቀኛ ስለነበረ፣ ወላጆቹ በየመጠጥ ቤቱ ሲጫወት እንዳይከፋቸው አንድ ዘዴ ፈጠረ። ጓደኞቹ በየሳምንቱ ዐሥር ዐሥር ዶላር እንዲከፍሉት አደረገ፤ ለቤተ ሰቡ የሙዚቃ መምህር ሆኜ ተቀጥሬአለሁ ለማለት ነው። ይህን ስሰማ ከልቤ ሳቅሁ። ከእኛ መካከል «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል ለቤቱ የሚጽፈውን የማያሳምር ማን አለ? ሀድሰን ከአምስቱ ሁሉ በመጨረሻ፣ በጥር 2025፣ በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ የሄዱት ሰዎች የነበረላቸውን ቦታ ትተው የሄዱ አልነበሩም። ቦታው አልነበረም። «ከሃዲ» የሚለው ቃል ግን ተይዞለት የነበረን ቦታ የጣለ ሰው እንዳለ አድርጎ ይናገራል። ንግግሬ የተሰነጠቀው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የካናዳ መንግሥት ያደረገውን ልንገራችሁ። በጥር 1971 የራዲዮና የቴሌቪዥን ኮሚሽኑ፣ በሊቀ መንበሩ በፒየር ዡኖ ዘመን፣ እያንዳንዱ የኤኤም ራዲዮ ጣቢያ ከሚያጫውተው ሙዚቃ ቢያንስ 30 በመቶ የካናዳ እንዲሆን ደነገገ። የጁኖ ሽልማት የተሰየመውም በእኚሁ ሰው ስም ነው። «የካናዳ» ለመባል አራት መለኪያዎች ወጡ፤ ዜማው፣ ግጥሙ፣ ተጫዋቹና ሙዚቃው የተቀረጸበት ወይም የቀረበበት ቦታ። ከአራቱ ሁለቱ የካናዳ ከሆኑ ይበቃ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ 30ው ወደ 35 ከፍ ብሏል።

ሕግ ሁሉን ያድናል ብዬ ልሰብክ አይደለም። አንዳንድ ጣቢያዎች የካናዳውን ኮታ ሰው በተኛበት ሰዓት እያጫወቱ ቁጥሩን ይሞሉ ነበር። ሕጉ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሕግ የሚስቅበት ቀን መጣ። ብራያን አዳምስ ካናዳዊ ነው፤ በ1991 ያወጣው ሥራ በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ አንዱ ዘፈኑ በእንግሊዝ 16 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆነ። ነገር ግን ዜማውንና ግጥሙን ካናዳዊ ካልሆነ ሰው ጋር ስለደረሰ፣ በመለኪያው መሠረት ዘፈኖቹ «የካናዳ አይደሉም» ተባሉ። አዳምስ በአደባባይ ተቆጣ፤ በኋላም መለኪያው ተሻሻለ። ሰውን በነጥብ እየቆጠሩ «የእኛ ነህ፣ የእኛ አይደለህም» ማለት የት እንደሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እኔም በአዳራሹ ያደረግሁት ይኸንኑ ነበር፤ ልዩነቱ እኔ የቆጠርኩት አንድ ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው፤ ማለትም የአውሮፕላን ትኬቱን።

ቢሆንም በሩ ተከፈተ። አገር ውስጥ መቅጃ ስቱዲዮ ተሠራ፤ አሳታሚ ተገኘ፤ አንድ ወጣት ቶሮንቶ ወይም ሃሊፋክስ ተቀምጦ ሙዚቀኛ ለመሆን ተስፋ ማድረግ ቻለ። በሩን የከፈቱትም ቀርተው የጮኹ ሰዎች ናቸው። የቶም ኮነርስም ቁጣ ቢሆን ከዚህ ጩኸት ጋር የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ አሁንም አከብረዋለሁ።

ከቀሩት መካከል ልቤን የነካው ጎርደን ላይትፉት ነው። በ1938 ኦሪሊያ በምትባል ትንሽ የኦንታሪዮ ከተማ ተወለደ። በ1958 እንደ እኛ ለትምህርት ወጣ፤ ሎስ አንጀለስ ሙዚቃ ተማረ፤ ናፍቆት ሲበረታበት ተመለሰ። ሸክላዎቹን ያሳተሙለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው፤ እርሱ ግን ኑሮውን በቶሮንቶ አደረገ። በዚያች ከተማ ማሲ ሆል በተባለው አዳራሽ በሕይወት ዘመኑ ከ160 ጊዜ በላይ ዘፍኗል። ኅዳር 10 ቀን 1975 «ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ» የተባለችው የማዕድን ጫኝ መርከብ በሱፐሪየር ሐይቅ ማዕበል ስትሰጥም የነበሩባት 29 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ላይትፉት በዓመቱ ስለ እነርሱ ዘፈነ። ግንቦት 1 ቀን 2023 እርሱ ራሱ ሲሞት፣ በዲትሮይት ያለው የመርከበኞች ቤተ ክርስቲያን ደወሉን 30 ጊዜ ደወለ፤ 29ኙ ለሟቾቹ፣ አንዱ ለዘፋኙ። ይህን የሰማሁ ዕለት ዝም ብዬ አመሸሁ። ዘፋኝ የሌላ ሰው ሐዘን ውስጥ እንዲህ ሲቆጠር አይቼ አላውቅም።

የኪንግስተኖቹ «ትራጂክሊ ሂፕ» ደግሞ ሌላ ናቸው። በአሜሪካ ብዙም ሳይታወቁ፣ በአገራቸው ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል የሕዝብ ባንድ ሆነው ኖሩ። በ2016 ዘፋኛቸው ጎርድ ዳውኒ የማይድን የአንጎል ካንሰር እንደያዘው ተነገረ። እርሱ ግን ዙሩን አላቋረጠም። ነሐሴ 20 ቀን 2016 በተወለዱበት ከተማ ያቀረቡትን የመጨረሻ ዝግጅት የአገሩ ቴሌቪዥን በቀጥታ አስተላለፈው፤ 11.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። ይህ ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ዳውኒ በዓመቱ፣ በጥቅምት 2017፣ ዐረፈ። ጎረቤቴ ያን ምሽት ገና ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር በከተማ አደባባይ ቆሞ አይቶታል። አባቱ ሲያለቅስ ያየው ያኔ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሌላ ሰው አገር ነው። አሁን ግን ወደ ራሳችን የሚመልሰን ነገር መጣ።

ጎረቤቴ ከኮምፒውተሩ አንድ የቆየ ፊልም አሳየኝ። ቀኑ የካቲት 10፣ 1985፤ ቦታው ቶሮንቶ፣ አንድ መቅጃ ስቱዲዮ ነው። ከሃምሳ በላይ ዘፋኞች ተሰብስበዋል። መጀመሪያ የሚዘፍነው ላይትፉት ነው። ከአሜሪካ የመጡት ኒል ያንግና ጆኒ ሚቸል አሉ። ከኖቫ ስኮሺያ የድንጋይ ከሰል ከተማ የወጣችው፣ ቀድሞ የስፖርት አስተማሪ የነበረችው አን መሪ አለች። የ«ጌስ ሁ»ው ዘፋኝ በርተን ካሚንግስ አለ። ብራያን አዳምስ ዘፈኑን ከደረሱት አንዱ ነው። የሄዱትም የቀሩትም ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ወረቀት ያነባሉ። ያንግ ሲዘፍን አዘጋጁ ድምፅህ ትንሽ ዝቅ ብሏል ቢለው፣ የእኔ ድምፅ ይኸው ነው ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል። የተሰበሰቡት ለማን እንደሆነ ሳላውቅ እስቅ ነበር። የዘፈኑ ስም «ቲርስ አር ኖት ኢናፍ» ነው፤ እንባ ብቻውን አይበቃም እንደ ማለት ነው። የተዘፈነው ለእኛ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1977 ረኃብ ነበር። ከዘፈኑም ከሦስት ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ተሰብስቧል።

ሳቄ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ተሰማኝ፤ አንዱ ኀፍረት ነው። የአገራችን ስም በዓለም ጆሮ እንዲህ መግባቱ ዛሬም ያመናል። ረኃቡ የዝናብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የጦርነትና የአገዛዝም ውጤት እንደነበረ የእርዳታ ዘፈን አይናገርም። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ በ1977 የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። በማግሥቱ ደውዬ፣ «እማዬ፣ በዚያን ጊዜ ዱቄቱ ከየት ነበር የሚመጣው?» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ልጄ፣ የተራበ ሰው ከረጢቱን አያነብም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ከእነዚያ ዘፋኞች መካከል የትኛው በአገሩ እንደቀረ፣ የትኛው ድንበር እንደዘለለ እናቴ አታውቅም። ሊያገባትም አይችልም። በዚያች ቀን ቁም ነገሩ መጥተው መገኘታቸው ብቻ ነበር።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በ1990 በቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች አንድ ልጅ ተወለደ፤ አቤል ተስፋዬ። በስካርቦሮ ሰፈር እናቱና አያቱ አሳደጉት፤ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። በ2011 የመጀመሪያ ሥራዎቹን በኢንተርኔት በነፃ በተነ፤ «ዘ ዊክንድ» በሚለው ስም ዛሬ የማያውቀው የለም። በ2015 በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው «ዘ ሂልስ» የሚያበቃው በአማርኛ ቃላት ነው። በ2021 ለአገራችን የምግብ እርዳታ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። በእኔ የአዳራሽ ሒሳብ ግን ይህ ልጅ የከሃዲዎች ልጅ ነው። ይህን ጮክ ብዬ ለራሴ ስናገረው ሒሳቤን አፈርኩበት።

እንግዲህ ሁሉን ትቼ «የፈለገ ይሂድ» ልል ነውን? አይደለም። በዘፋኝና በእኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ እርሱን ብሸሽገው ግለ ሒሱ ውሸት ይሆናል። ዘፈን በራዲዮ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጆኒ ሚቸል ካሊፎርኒያ ሆና የዘፈነችውን የሳስካቱን ልጅ በዚያው ሳምንት ይሰማዋል። የሐኪም እጅ ግን በራዲዮ አይመለስም። ድልድይና ግድብም በአየር አይላክም። ከአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ አንድ ሐኪም ሲጎድል የሚጎድለው ሰንጠረዥ ላይ አይደለም። ስለዚህ አገር በተማረ ልጇ ላይ መብት አላት ማለቴን አልተውም።

የምተወው ቃሉን ነው። ቃሉ ሁለት ጥያቄዎችን እንዳንጠይቅ ስለሚያደርገን እተወዋለሁ። አንደኛው፣ ለሚመለሰው ሰው ምን ቦታ ተዘጋጅቶለታል? ካናዳ ልጆቿ እንዲቀሩ ከመውቀስ አልፋ ሠላሳ በመቶ ቦታ ለካች። ሁለተኛው፣ የሚቀረውስ በምን ይከፍላል? ሰው ባለው ይከፍላል፤ በድምፁ፣ በገንዘቡ፣ በእውቀቱ፣ ወይም በተጠራበት ቀን በመገኘት። የሚቀጥለው የውይይት ምሽት ርዕስ እነዚህ ሁለቱ እንዲሆኑ ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ሐሳብ አቅርቤአለሁ።

ባለፈው እሑድ ያን ወንድማችንን ክፍሉ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ሻንጣው ግማሽ ተሞልቷል። ሻይ አቀረበልኝ፤ ስለዚያ ምሽት ግን አላነሣም። የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ሰጠሁት፤ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያም እንዲህ አለኝ፤ «ስለ ግድቡ የጻፍከው እውነት ነው፤ እርሱን እንዳታወጣው። እኔም ሌሊት የሚነሣብኝ እርሱ ነው። ይቅርታ የሚለውን ግን ሦስት ቦታ ጽፈኸዋል፤ አንዱ ይበቃል።»

ሁለቱን ሰርዤአለሁ። የቀረው ይኸው ነው፤ ይቅርታ ወንድሜ።